ጣራው የሚታጠፍ አውቶሞቢልና ጠጋኞቹ፤ ስለ አሮጌ መኪና እድሳት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

፩. መግቢያ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ሁለት ዐይነት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው መኪናውን የፈለሰፈው ሲሆን ሁለተኛው በመኪናው የተቀመጠው ነው። ካርል ቤንዝ በ1878 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለባለሦስት እግር ሠረገላው የፈጠራ መብት ማስመዝገቡን፥ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. መኪና መቀበላቸውን በየትምህርት ቤታችን ተምረናል። መኪናው ከተሰበረ በኋላ ማን እንዳነሣው፥ በምን መሣሪያና በምን ዕውቀት እንደ ገና እንዳስኬደው ግን የሚናገር ጽሑፍ ጥቂት ነው። መኪናን ከውጭ አገር እያስመጣ ለሚነዳ ሕዝብ ደግሞ የመኪናው ታሪክ በአብዛኛው የጥገናው ታሪክ ነው።

ይህ አጭር ጥናት የሚመለከተው ጣራው የሚታጠፈውን አሮጌ መኪናና እርሱን በግል ግቢ ውስጥ የማደስን ሥራ ነው። ይህን ዐይነት መኪና የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው መኪና ክፍት ስለ ነበረና በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ታላቅ የታሪክ ሥነ ሥርዐት በክፍት መኪና ላይ ስለ ተፈጸመ ነው። ሁለተኛ፥ ከመኪናዎች ሁሉ ይልቅ ለዝናምና ለዝገት የተጋለጠው፥ ለማደስም ብዙ ብልኀት የሚጠይቀው ይኸው ክፍቱ ስለ ሆነ ነው። ወደ አገር ቤት ስመለስ የምመለከተው ምዕራብ ጎጃምን፥ ይኸውም የገበዝ ማርያምን፥ የፍኖተ ሰላምንና የቡሬን አካባቢ ነው።

ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው። አሮጌ መኪና ሲታደስ ከፋብሪካ በወጣበት መልክ ይመለስ? ወይስ በአገራችን የተደረገለት ጥገና ከነምልክቱ ይጠበቅለት? ጥያቄው ሲታይ የመካኒኮች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የታሪክ ተማሪን የሚመለከት መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

፪. መኪናውና አዋጁ

በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ በራሱ ኀይል የሚሄድ ተሽከርካሪ ከአውቶሞቢል በፊት ታይቶ ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መኪና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞታል። በነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያመጣው ግን ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የመኪናው ስም ሲድሊ ሲሆን ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ መንገድ ባልተጠረገበት በረሓና ዳገት አልፎ፥ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ቀረበ። በዚሁ ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ ናከ የሚባል የአገሩን መኪና ይዞ ተከተለ።

የሲድሊው ጣራ ዛሬ እንደምናየው የብረት ጣራ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የነበሩት አብዛኞቹ መኪናዎች የፈረስ ሠረገላ ልጆች ስለ ነበሩ አካላቸው ከእንጨት አጥንት፥ ጣራቸውም ከሚታጠፍ ሸራ የተሠራ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1919 ጣራቸው የተዘጋ ሆነው የተሠሩት መኪናዎች ከዐሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ1927 ግን ከዐሥሩ ከስምንት በለጡ። ይህ ለውጥ የመጣው ሰፊ የብረት ላሜራ በመኪና መጭመቅ እየረከሰ በመሄዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍት መኪና የተለመደ ነገር መሆኑ ቀርቶ የክብርና የመዝናኛ ዕቃ ሆነ።

አሁን አንድ የዘመን መገጣጠም ልብ እንድንል ያስፈልጋል። መኪናው በገባበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸማ የሚሠራውና ሸክላ የምትሠራው በየስድብ ስማቸው ይጠሩ ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ይህ እንዲቀር አዘዙ። ጎጃምም እንደ ሌላው ክፍለ ሀገር ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበረም፤ ቀጥቃጩ ማረሻውን ሠርቶ ይሰጥ ነበር፥ ነገር ግን «ቡዳ ነው» እየተባለ ከማዕድ ይርቅ ነበር። መኪናው ግን ያለ ቀጥቃጭ አንድ ዓመት እንኳ ሊቆም አይችልም። እንግዲህ አዋጁና አውቶሞቢሉ በአንድ ዓመት መምጣታቸው ያለ ሐሳብ የሆነ መገጣጠም ቢሆንም፥ ለታሪክ ተመልካች ግን አንድ ትምህርት ይሰጣል። አዲሱን ዕቃ የወደደ ሰው ዕቃውን የሚያቆመውን እጅም ማክበር ይገባው ነበር። አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም ንቀቱ በቶሎ አልጠፋም። ዛሬም ቢሆን እጁ በዘይት የጠቆረውን ሰው ማን ብለን እንደምንጠራው ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ ሙሉ በሙሉ የሚያኮራ አይሆንም።

፫. መንገድ ወደ ጎጃም

ወደ ጎጃም መኪና ዘግይቶ ገባ። ዋናው ምክንያት የዐባይ ሸለቆ ነው። ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ የተቀመጠው ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዐባይ ያደረገውን ሰፊ ምርመራ የፈጸመው በበቅሎ እየተጓዘ ነበር። ከፍ ያለ ባለሥልጣንም ቢሆን በቅሎውን ሳይጭን ከቡሬ ተነሥቶ ሩቅ አይደርስም ነበር።

ሰፊው የመኪና መንገድ የተከፈተው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። መንገዱ የተሠራው የአገሬው ሰው እህሉን ወደ ገበያ እንዲያወጣበት ተብሎ አይደለም፤ ወታደር፥ ጥይትና ስንቅ እንዲያልፍበት ነው። ለዚህም ምስክሩ በቡሬ፥ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ ምሽጎቹ መንገዱን ተከትለው መሠራታቸው ነው። አርበኞቹ ደግሞ ይህንኑ መንገድ እየቆረጡ ጠላትን በየምሽጉ አስጨነቁት።

ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ወደ በላያ ተራራ በሚወስደው ቆላ ካሚዮኖቹ እየተቸገሩ ስለ ነበር ጭነቱ በግመል ላይ ወደቀ። ከ15,000 የማያንሱት ግመሎች ከጥቂቶቹ በቀር በዚያ ዘመቻ አለቁ። ኢጣልያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሹ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ፍኖተ ሰላም ማለት በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ሲሆን፥ የከተማዋን መጠሪያ ከዚሁ የመመለስ ጉዞ ጋራ አያይዘው የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው።

ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ኮሎኔል ዊንጌት በነጭ ፈረስ ሆኖ ሲቀድም፥ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡት ግን በክፍት አልፋ ሮሜዮ መኪና ላይ ነበር። ይህ መኪና የወራሪው አገር ሥራ ነው። ጣራው ክፍት መሆኑም ትርጉም ነበረው፤ አምስት ዓመት ያላየውን ንጉሥ ሕዝቡ በዐይኑ እንዲያይ አስችሏል። የዘጋ መኪና ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ያየው መስተዋትና ቀለም ብቻ ይሆን ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ እኒሁ ንጉሥ ከዙፋናቸው ሲወርዱ የተወሰዱት ጣራው በተዘጋ ትንሽ ቮልስዋገን ነው። ሁለቱን መኪናዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የአንድ መንግሥት ታሪክ መነሻውንና መድረሻውን በሁለት ዕቃ ሊያሳይ ይችላል። ዕቃ ሰነድ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

፬. የጋራዥ ቋንቋ እንደ ታሪክ ማስረጃ

ስለ ጠጋኞቹ የተጻፈ ጥቂት ቢሆንም ማስረጃ ግን አልጠፋም፤ ማስረጃው በአፋቸው ላይ አለ። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የሚሰማቸው ቃላት በሦስት ወይም በአራት ድርብ የተደረደሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ድርብ የፈረንሳይኛ ነው፤ «ሹፌር» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ሲሆን፥ ከጅቡቲው ምድር ባቡርና ከወረራው በፊት ከነበረው ዘመን ጋራ የሚስማማ ነው። ሁለተኛውና ወፍራሙ ድርብ የኢጣልያንኛ ነው። ጎማ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ፓራፋንጎ፥ ኮፈን፥ ላሜራ፥ ብሎን፥ ዳዶ፥ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ሞርሳ፤ ጎማ የሚጠግነው ሰው እንኳ «ጎሚስታ» ይባላል። ሦስተኛው ከድል በኋላ የገባው የእንግሊዝኛ ሲሆን «ስፔር ፓርት» የሚለው ለምሳሌ ይበቃል። ከሁሉ በታች እንደ መሠረት የተቀመጠው የራሳችን አማርኛ ነው፤ መሪ፥ መበየድ፥ ማጥበቅ፥ ማላላት፥ መሞረድ፥ መቀጥቀጥ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። የኢጣልያንኛው ቃል ብዛት የአምስቱ ዓመት ወረራ ብቻ ውጤት ሊሆን አይችልም። ከድል በኋላ በአገሩ የቀሩ ኢጣልያውያን መካኒኮች ጋራዥ ከፍተው ኢትዮጵያውያን ረዳቶችን አሠርተዋል፤ ከኤርትራ የመጡ ባለሙያዎችም ሙያውንና ቃሉን ይዘው ወደ መሀል አገር ዘልቀዋል። ረዳቱ ቃሉን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ «ካቻቪቴ አምጣ» ሲባል ተሳስቶ ፒንሳ አምጥቶ እየተቆጡት ተማረው። በሌላ በኩል ደግሞ ግሶቹ ሁሉ አማርኛ ሆነው ቀሩ። ዕቃው የባዕድ ስም ቢይዝም ሥራው የአገር ስም አለው። ይህም የቀጥቃጩ ሙያ ከጋራዡ ሙያ ጋራ መቀጠሉን የሚያስረዳ ይመስለኛል።

፭. ክፍት መኪና በግቢ ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጣራው የሚታጠፍ አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ተገኘ እንበል። ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪ አምጥቶ ሞተሩን ለማስነሣት መሞከር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ያጠፋል። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፥ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው ዘይት ይፈስስና ጥቂት ቀናት ይታገሡታል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በእጅ በቀስታ ይዞራል። በሳልባትዮው ውስጥ የቆየው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ ሳልባትዮው ታጥቦ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይጸዳል። የፍሬን ጎማዎችና ቱቦዎች ምንም ደኅና ቢመስሉ ይለወጣሉ፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋልና።

የአገሩም ከፍታ መታሰብ አለበት። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፥ ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለአውሮጳ ቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፤ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ያወጣል፥ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይይዛል። ብልኁ መካኒክ የቤንዚን ማሳለፊያዋን በጠባብ ቀዳዳ ይለውጣታል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ለማንኛውም መኪና ይሆናል። የክፍቱ መኪና ልዩ ችግር ግን በአካሉ ላይ ነው። በተዘጋ መኪና ጣራው እንደ ቤት ማገር ሆኖ ፊቱንና ኋላውን ያያይዛል። ጣራው ሲነሣ ሸክሙ ሁሉ በወለሉና ከበሮቹ ሥር ባሉት ሁለት የጎን ብረቶች ላይ ይወድቃል። ካርማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ ከ330,000 በላይ ባለሸራ ቮልስዋገኖችን ሲሠራ ከበሮቹ ሥር ተጨማሪ ማጠንከሪያ ብረት ያስገባ የነበረው ስለዚህ ነው። እነዚህ ብረቶች በዝገት ሲበሉ መኪናው በመሀሉ ይጎብጣል፤ ምልክቱም በሩ አልዘጋ ወይም አልከፈት ማለቱ ነው። የዛገውን ብረት ዝም ብሎ የሚቆርጥ ሰው መኪናውን ለሁለት ያጥፈዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ አግድም ብረት ይበየዳል፤ የበሩም ልክ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ጎን ብቻ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል፤ እርሱ ሲጠና ወደ ሁለተኛው ይታለፋል።

ጣራው ራሱ የሰፊና የአናጢ ሥራ ነው። ሸራው የሚወጠረው በቀስቶች ላይ ነው፤ ቀስቶቹ እኩል ካልቆሙ የቱንም ያህል ጥሩ ሸራ ቢሰፋ ውሃ ይቋጥራል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንመውን የጎጃም ዝናም የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ይረዳል። በአካሉ ውስጥ የእንጨት አጥንት ያላቸው አሮጌዎቹ መኪናዎች ደግሞ እንጨቱ ሲበሰብስ ምትክ ይሻሉ፤ በአገራችን ለመጥረብ ከሚመቹት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው። እንግዲህ በአንድ መኪና ላይ ቀጥቃጩ፥ አናጢው፥ ሰፊውና ቆዳ ሠሪው በአንድነት ይሠራሉ። በአዋጁ የተጠሩት ባለ እጆች ማለት ነው።

፮. ምን ይታደስ? ምን ይጠበቅ?

በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረ መኪና ሲፈታ በውስጡ የሚገኘው የፋብሪካው ሥራ ብቻ አይደለም። ከበርሜል የተቆረጠ ላሜራ፥ ከአሮጌ ጎማ የተቀረጸ ማስደገፊያ፥ ከካርቶን የተቆረጠ ጓርኒሲዮን ይገኛል። በእንግሊዝ ኢንች የተሠራ ብሎን ጠፍቶ በሚሊ ሜትር ልክ እንደ ገና ጥርስ የወጣለት ይገኛል። በ6 ቮልት ይሠራ የነበረው መብራት ወደ 12 ቮልት የተለወጠበት ሽቦም ይገኛል። እያንዳንዱ ዕቃ ያስመጪው መንገድ የተዘጋበትን ወይም ገንዘብ ያጠረበትን ጊዜ፥ ያን ጊዜም አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ያሰበውን መፍትሔ ይነግረናል።

የመጀመሪያው አስተያየት፥ «ይህ ሁሉ ከችግር የመጣ ስለ ሆነ ተጥሎ መኪናው እንደ ተወለደበት ቀን ይሁን» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ኀይል አለው። የፋብሪካው ሥራ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነውና። ደግሞም በጎማ ቁራጭ የተጠገነ ፍሬን ቅርስ ነው ተብሎ ሰው ሊገደልበት አይገባም። ሁለተኛው አስተያየት ግን፥ የጥገናውን ምልክት ሁሉ የደመሰሰ ሰው ከመጽሐፉ መሀል አርባና ሃምሳ ገጽ ቀድዶ የጣለ ያህል ነው ይላል። በውጭ አገርም ይህ ክርክር አለ። የአሮጌ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባጸደቀው የቱሪን ቻርተር፥ ያለውን እንዳለ መጠበቅ ከመለወጥ እንዲቀድም፥ የተደረገው ለውጥ ሁሉም በጽሑፍ እንዲመዘገብ መክሯል።

በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር የሚስማማው ሥርዐት ይህ ነው። አንደኛ፥ ለሕይወት የሚያሰጋው፥ ማለት ፍሬን፥ መሪ፥ የቤንዚን መስመርና ጭነት የሚሸከመው ብረት፥ ያለ ይሉኝታ ይለወጥ። ሁለተኛ፥ የማያሰጋው የአገር ጥገና በቦታው ይቆይ፤ ከበርሜል የተሠራው ፓራፋንጎ ዝገቱ ይቁም እንጂ አይጣል። ሦስተኛ፥ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ ከየት እንደ ወጣ ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጥ። አራተኛ፥ ጠጋኙ በሕይወት ካለ ቃሉ ይጻፍ።

፯. መደምደሚያ

ይህ ነገር የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለ ጣለ ያገለገለ መኪና ማስመጣት እጅግ ከብዷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ካርቡራተርና ካንዴላ ያለው መኪና እንግዲህ ቀስ በቀስ ከመንገድ ወደ ታሪክ ይሻገራል። መኪናው ሲሻገር ሙያውም አብሮ ይሄዳል፤ በጆሮው አዳምጦ የሞተሩን ሕመም የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ ሲሞት ዕውቀቱን የያዘ መጽሐፍ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አናገኝለትም።

የቤተ መንግሥት መኪናዎች ጠባቂ አላቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ሙዚየም የሆነው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለዚህ ምሳሌ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ግቢ የቆሙት ግን ጠባቂያቸው ባለቤታቸውና ጠጋኛቸው ብቻ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ገበዝ የሚባለው ሹም ንዋያተ ቅድሳቱን ይጠብቃል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሰዎች የሰጡትን ቆጥሮ ተረክቦ ለሚከተለው ቆጥሮ ያስረክባል እንጂ፥ አሮጌ ነው ብሎ አይጥልም፤ የራሱ ነው ብሎም አይለውጥም። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ሊከተለው የሚገባው ምሳሌ ይህ ነው።

ስለዚህ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ በዕረፍት ጊዜያችን ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ከሽማግሌዎች ተረትና ፉከራ እንደምንሰበስብ ሁሉ፥ ወደ ጋራዦችም እንድንሄድ አሳስባለሁ። የምንጠይቀው ቀላል ነው፤ ሙያውን ከማን ተማሩት? መጀመሪያ የፈቱት መኪና ምን ነበር? ዕቃ ሲጠፋ በምን ተኩት? መልሱ በየመንደሩ በደብተር ቢሰበሰብ፥ ስለ አውቶሞቢል በኢትዮጵያ የሚጻፈው ታሪክ በመኪናው ውስጥ የተቀመጡትን ብቻ ሳይሆን በመኪናው ሥር የተኙትንም የሚያስታውስ ይሆናል።